ድሪፕ ከመዘርጋትህ በፊት

ልጄ፣ በአባትህ መሬት ላይ ድሪፕ፣ ውሃ የሚያንጠባጥበውን ጎማ፣ ልትዘረጋ መሆኑን ስሰማ ደስ ብሎኛል። እኛ የቆቦ ሰዎች ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፈን ማሽላ ስናበቅል ኖረናል። ከጉድጓድ በሞተር የሚወጣ ውሃ ግን ሌላ ጠባይ አለው፤ ስትከፍተው ገንዘብህ አብሮ ይፈሳል።

መጀመሪያ ምን እንደምትዘራ ወስን። ማሽላውን ለጎርፉ ተውለት። ሥሩ ጠልቆ እርጥበት ይፈልጋል፣ ድርቅ ይችላል፣ የጎማውንም ወጪ አይመልስልህም። ድሪፕ የሚያዋጣው ለቲማቲም፣ ለቃሪያ፣ ለሽንኩርት ነው። በቆሎም ቢሆን እሸቱን የምትሸጥ ከሆነ ይሁን። ብቻ ወንዴ አበባው ወጥቶ ጸጉር በሚያበቅልበት ሰሞን ውሃ አትንሳው፤ ያኔ የተጠማ በቆሎ ቆረቆንዳው ፍሬ ሳይሞላ ይቀራል፣ በኋላ ብታጠጣውም አይመለስም።

ከዚያ ሂሳቡን ያዝ። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ነው፤ 1 ሚሊ ሜትር ውሃ ይልበስ ብትል 2,500 ሊትር ይፈልጋል። በበጋ ነፋስ ባለበት ቀን የጎለመሰ ሰብል 5 እና 6 ሚሊ ሜትር ሊጠጣ ይችላል። ጎማዎቹ በ1 ሜትር ርቀት ተዘርግተው፣ ቀዳዳዎቹ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ሆነው፣ እያንዳንዱ በሰዓት 1.6 ሊትር የሚያንጠባጥብ ከሆነ፣ በአንድ ሰዓት ከ13,000 ሊትር በላይ ይወርዳል። እንግዲህ አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃል ማለት ነው። ሰው ግን ቦይ ሞልቶ ሲፈስ ማየት ስለለመደ፣ መሬቱ ላይ ላዩን ደረቅ ሲመስለው ሦስት አራት ሰዓት ይተወዋል። ትርፉ ከሥሩ አልፎ ይሰርጋል፣ ማዳበሪያህንም ይዞት ይሄዳል።

ስለዚህ ዓይንህን አትመን። ባጠጣህ ማግስት ጠዋት ከተክሉ አጠገብ ስንዝር ተኩል ያህል ቆፍርና አፈሩን ጨብጠው። ቅርጹን ከያዘና እጅህን ካላጨቀየው ጠግቧል፤ ካጨቀየህ ሰዓቱን ቀንስ፣ ከተበተነ ጨምር። መሬታችሁ ግማሹ መረሬ ነው፤ መረሬ ውሃውን ወደ ጎን ያሰፋዋል። ወደ ወንዙ ያለው አሸዋማው ደግሞ ወደ ታች ይውጠዋል። ሁለቱን በአንድ ቫልቭ አታጠጣ።

የጉድጓድ ውሃ ጥርት ብሎ ቢታይም አሸዋና ኖራ አያጣውም። ማጣሪያውን ሳትሰለች እጠብ፤ በየሳምንቱም የጎማዎቹን ጫፍ ፈትተህ ውሃው እስኪጠራ ልቀቀው። መጀመሪያ የሚወጣው እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ነው። ከመስመሩ መሃል አንድ ተክል ብቻ ጠውልጎ ካየህ መድኃኒት ከመርጨትህ በፊት ጎንበስ ብለህ ቀዳዳዋን እያት።

እርጥበቱ በሚያበቃበት ዳር ነጭ ነገር ሲያርፍ ታያለህ፤ ጨው ነው። ጠብታው ጨውን ከሥሩ ገፍቶ ዳር ያከማቸዋል፣ ካፊያ ሲመጣ ደግሞ መልሶ ወደ ሥሩ ያስገባዋል። ካፊያ ሲጥል ሰው ሁሉ ሞተሩን ያጠፋል፤ አንተ ግን ዝናቡ ጠንክሮ መሬቱን እስኪያጥበው ድረስ ክፈተው።

ይህን ሁሉ ብታደርግና በቆጠብከው ውሃ ሌላ ጥማድ ብትጨምር ግን ጉድጓዱ ምንም አላረፈም። እንዲያውም ይብስበታል፤ ቦይ ከሚያባክነው ከፊሉ ሰርጎ ወደ ከርሰ ምድር ይመለስ ነበር፣ ድሪፕ ያደረሰለትን ግን ሰብሉ ይጨርሰዋል። ጉድጓዱ የማኅበሩ ነው፣ የብዙ ቤት እንጀራ ነው። በስብሰባው ተነሥተህ የውሃው ከፍታ በየወሩ ይለካ፣ ይጻፍም በል። ልጅ ነው ብለው እንዳያልፉህ እኔም እገኛለሁ። ማሽላው እንደተሰበሰበ መጥቼ ጎማውን አብረን እንዘረጋለን።