ምድር ስትናወጥ በእግዚአብሔር መታመን ምንድር ነው?



ከ2017 ዓ.ም. መስከረም ወር ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ምድር ለወራት ደጋግማ ተናውጣለች። በተለይ ታኅሣሥ 26 እና የካቲት 7 ቀን በሌሊት የደረሱት መንቀጥቀጦች ብርቱዎች ነበሩ፤ የኋለኛው መጠኑ 6 ደርሷል። በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው ቤቶች ፈርሰዋል፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀዬአቸውን ለቀው ወጥተዋል። ንዝረቱም ከመተሐራ አልፎ በአዳማና በአዲስ አበባ ተሰምቷል።

እንዲህ ባለ ሌሊት በአማኝ ልብ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል፦ በእግዚአብሔር የሚታመን ሰው ልጆቹን ይዞ ወደ ሜዳ ቢሸሽ እምነት ጎደለው ይባላልን? ጥያቄው የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው፤ የተሳሳተ መልስ ሰውን ሊወድቅ በተቃረበ ጣሪያ ሥር ሊያስቀረው ይችላልና።

በመጀመሪያ፣ መፍራት በራሱ ኃጢአት አይደለም። ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ ተጨንቋል፤ ላቡም እንደ ደም ነጠብጣብ ወርዷል። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖም ሊሸሹት የሚገባውን መፍራት ከቀና አእምሮ ጋር የሚስማማ መሆኑን፣ ኃጢአት የሚሆነውም ከሥርዓት የወጣው ፍርሃት መሆኑን ያስተምራል። እንግዲህ ፍርሃትን የምንመዝነው ወዴት እንደሚመራን በማየት ነው።

ሁለተኛ፣ «ይህ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው» ብለን በተጎዱት ላይ ልንፈርድ አይገባም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1755 በፖርቱጋል የሊስቦን ከተማ የተናወጠችው በቅዱሳን ሁሉ በዓል ዕለት ነበር፤ ለቅዳሴ የተሰበሰቡ ብዙ ምእመናን በአብያተ ክርስቲያናት ፍርስራሽ ሥር ቀሩ። እነዚህ ከሌላው ሰው ይልቅ በደለኞች ነበሩ የሚል ማን ነው? በሰሊሆም ግንብ ስለ ሞቱት 18 ሰዎች ክርስቶስ የሰጠው መልስ ይህን ፍርድ ይከለክላል (ሉቃ. 13፥4)፤ ነቢዩ ኤልያስም እግዚአብሔርን በምድር መናወጥ ውስጥ አላገኘውም (1ነገ. 19፥11)። ደግሞስ የምንኖርበትን ምድር እንመልከት። ደዌአችንን ለማስታመም የምንገባበት የሶደሬ ፍል ውኃና ለኤሌክትሪክ ኃይል የሚቆፈረው የአሉቶ ላንጋኖ እንፋሎት ከስምጥ ሸለቆው ሙቀት የሚመነጩ ናቸው። በፈንታሌና በዶፈን መካከል ምድርን ያናወጠውም ከጥልቅ የተነሣ የቀለጠ ዐለት እንቅስቃሴ መሆኑን ባለሙያዎች ገልጸዋል። ያስፈራን ምድር የሚመግበንም ምድር ነው።

ሦስተኛ፣ መጠንቀቅ የእምነት ተቃራኒ አይደለም። ዲያብሎስ ክርስቶስን ከመቅደሱ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር በፈተነው ጊዜ፣ የጌታ መልስ አምላክን መፈታተን እንደማይገባ ነበር (ማቴ. 4፥7)። ሊወድቅ በሚችል ቤት ውስጥ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ መቀመጥም መታመን መስሎ የሚታይ ድፍረት ነው። በአገራችን የመሬት መንቀጥቀጥን በመሣሪያ መከታተል የጀመሩትና በአዲስ አበባ የምርምር ጣቢያውን ያቋቋሙት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን አባ ፒየር ጉዊን ነበሩ። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ በደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴ ከተማ በፈረሰች ጊዜ ነገሩን መርምረዋል፤ የኢትዮጵያን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክም እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ አሳትመዋል። እኚህ ካህን በመሠዊያው ፊት ቆመው የጸለዩ፣ ከመሠዊያው ወርደው የለኩ ሰው ነበሩ፤ ጸሎታቸውና ልኬታቸው አልተጣሉም።

ታዲያ መሸሽም ከተፈቀደ፣ መፍራትም ኃጢአት ካልሆነ፣ በአማኙና በማያምነው መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው? መልሱን በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 እናገኛለን። በፊልጵስዩስ ወኅኒ በሌሊት ምድር ተናወጠች፤ በሮችም ተከፈቱ። ጠባቂው እስረኞቹ አመለጡ ብሎ ሰይፉን በራሱ ላይ መዘዘ። ጳውሎስ በዚያ ሁሉ ድንጋጤ መካከል ያየው የዚህን ሰው ተስፋ መቁረጥ ነበር፤ ጮኾም አዳነው። መታመን ይህ ነው። ቤታችን እንደማይፈርስ የተሰጠን ዋስትና አይደለም። ነፍሳችን በአባት እጅ እንዳለች ማወቅ ነው፤ ይህን ያወቀ ሰው ስለ ራሱ ከመጨነቅ ዕረፍት ያገኛል፤ ዓይኑም ጎረቤቱን ለማየት ይከፈታል።

ስለዚህ ምድር በተናወጠች ሌሊት «ወጣህን ወይስ ቀረህ?» ብለን አንጠይቅ፤ «ስትወጣ ማንን ይዘህ ወጣህ?» ብለን እንጠይቅ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሕፃናትን በቁጣ ወሬ ከማስፈራራት ይልቅ፣ መውጫ በራቸውንና የመቁጠሪያ ጸሎታቸውን አብረው ያስተምሯቸው። ቁምስናዎችም በአካባቢያቸው ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንና ሕሙማን የት እንዳሉ ዛሬውኑ ይወቁ፤ በዚያች ሌሊት በራቸውን የሚያንኳኳ ሰውም ከወዲሁ ይመደብ።

የሰላም አምላክ ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።