ቆራሌው የማያነሣው ከረጢት

ልጄ፣ ባለፈው ቡና ላይ የጠየቅሽኝን በችኮላ ልመልስልሽ አልፈለግሁም። «አዋጁ በየጊዜው ይለወጣል፤ በርበሬዬንና ደረቅ ቲማቲሜን በምን ላሽገው?» ነበር ያልሽኝ። እዚህ ቡልቡላ ማሸጊያ ቤት ከፍተሽ ለአዲስ አበባ ሱፐርማርኬቶች ልታቀርቢ፣ ሲሞላልሽም አውሮፓ ላለችው ደንበኛሽ ልትልኪ መነሣትሽን ሳስብ ደስ ይለኛል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ።

አስቀድሜ በእኔ የደረሰውን ስሚ። አዳማ ላይ ሽሮና በርበሬ እያሸግሁ በምሸጥበት ዘመን አንድ ማተሚያ ቤት ብዙ ካዘዝኩ ዋጋውን እንደሚቀንስልኝ ነገረኝ። የሁለት ዓመት ከረጢት በአንድ ጊዜ አሳተምኩ፤ ውስጡ ብርማ፣ ላዩ የሚያብረቀርቅ። ስድስት ወር ሳይሞላ አንድ የውጭ ገዢ ናሙና ወስዶ ጻፈልኝ፦ «ከረጢቱ ከምን ከምን ተሠራ? ባዶውን ስንት ግራም ይመዝናል?» ማተሚያ ቤቱን ብጠይቅ ጥቅሉን ከአስመጪ ገዛሁ አለኝ፤ አስመጪው ጋ ብሄድ ወረቀት የለውም። ገዢው አንድ ወር ታገሠኝና ሌላ አቅራቢ ያዘ። በበርበሬዬ ላይ አንዲት ቅሬታ አልነበረውም። የተረፈው ከረጢት ጓዳ ውስጥ ተቆልሎ ባየሁት ቁጥር የሚያቃጥለኝ ገንዘቡ ብቻ አልነበረም፤ ምርቴን የማለብሰውን ልብስ ሳላውቀው መኖሬም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የማሸጊያ ሕግ በአገራችንም በውጭም ብዙ ጊዜ ሲለወጥ አይቻለሁ። የሚመጣው ሁሉ ግን የዚያን ሰውዬ ጥያቄ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ምንድን ነው፣ ምን ያህል ነው፣ ካለቀ በኋላ የት ይደርሳል። መልሱን አስቀድሞ የያዘ ሰው አዲስ አዋጅ ሲወጣ አይደነግጥም።

የአገራችንን ሕግ ከወሬ አትስሚው፤ ነጋሪት ጋዜጣውን ገዝተሽ አንብቢ። በ1999 ዓ.ም የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ የማይበሰብስ ፌስታል እንዲመረት ወይም እንዲገባ ፈቃድ መስጠትን ከልክሎ ነበር። ፌስታሉ ግን ከጉልት አልጠፋም፤ ይህን ውፍረት ገበያ መሀል ቆሞ የሚለካ ማን አለ? በ2017 ዓ.ም የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ አዋጅ ከዚያ ጠበቅ ይላል። አንድ ጊዜ አገልግሎ የሚጣለውን የፕላስቲክ ከረጢት ማምረትን፣ ማስገባትን፣ መሸጥን፣ መጠቀምንም ከልክሏል። ለግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር፣ ለአምራችና ለአስመጪ ከ50,000 እስከ 200,000 ብር ቅጣት አስቀምጧል።

እንግዲህ ሱቅሽ ደጃፍ ላይ በፌስታል ማስያዝ ዛሬውኑ ይቁም። የታሸገው በርበሬ ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ የትኛው ዕቃ ክልከላው ውስጥ እንደሚገባ የምታገኚው «ትርጓሜ» ከሚለው አንቀጽ ነው። አዋጅ አጥሩን ያጥራል፤ በሩ በየት በኩል እንደሆነ የሚነግርሽ ተከትሎት የሚወጣው ደንብና መመሪያ ነው። ከተጠራጠርሽ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በጽሑፍ ጠይቂ፤ መልሱንም ቁጥርና ማኅተም ባለው ደብዳቤ ተቀበይ። የቃል ፈቃድ የሰጠሽ ሰው ነገ ከወንበሩ ሊነሣ ይችላል።

የአውሮፓው ደንብ ቁጥር 2025/40 ይባላል። የጸናው የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም ሲሆን በአብዛኛው ሥራ ላይ የሚውለው ከነሐሴ 6 ቀን 2018 ዓ.ም ጀምሮ ነው። በእነሱ አቆጣጠር ከ2030 ጀምሮ በገበያቸው ላይ የሚውል ማሸጊያ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ እንደገና ተሠርቶ ሌላ ዕቃ ሊሆን የሚችል መሆን አለበት። ከ1.5 ኪሎ በታች የሚሸጥ ያልተቀነባበረ ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬንም ከዚያው ዓመት ጀምሮ አንዴ በሚጣል ፕላስቲክ ማሸግ ይከለከላል፤ በሱፐርማርኬታቸው ቲማቲም በፕላስቲክ ሣህን አሽገው የሚሸጡትን ሁሉ ይህ ይመለከታቸዋል። ትኩስ ስለማትሸጪ ይህ አንቺን አይነካሽም፤ ሌላው ግን ይነካሻል። በማሸጊያው ውስጥ እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ሜርኩሪና ሄክሳቫለንት ክሮሚየም ተደምረው በኪሎ ከ100 ሚሊ ግራም እንዳይበልጡ ያዛል፤ ቀለሙም የማሸጊያው አካል ነው። ደንበኛሽ ይህን የሚያረጋግጥ ሰነድ እንድታቀርብ ትጠየቃለች፤ እሷ ደግሞ አንቺን ትጠይቃለች፤ አንቺ ማተሚያ ቤቱን። ሰንሰለቱ እኔ ዘንድ ተበጥሶ ነበር። አንቺ ዘንድ እንዳይበጠስ ወረቀቱን ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ተቀበይ።

አሁን ወደ ከረጢቱ ልመለስ፤ ዋናው ነገር እሱ ነው።

የአንድ ውኃ ስም ሆኖ መጥቶ የጠርሙስ ሁሉ ስም የሆነውን ሃይላንድ ተመልከቺ። ከሐዋሳ መንገድ ዳር ቢጣል የሚያነሣው ልጅ አይጠፋም፤ ዋጋ አለው፤ ቆራሌው ይወስደዋል፤ ተፈጭቶ ሌላ ዕቃ ይሆናል። ካርቶኑም፣ ቆርቆሮውም እንዲሁ። የእኔን ብርማ ከረጢት ግን ማንም አላነሣውም። ፕላስቲክ፣ አሉሚኒየምና ሌላ ፕላስቲክ ተጣብቀው የተሠራ ስለሆነ የሚለያየው ሰው የለም። የአውሮፓ ባለሙያ በብዙ ገጽ የሚጽፈውን እኔ በአንድ ጥያቄ አሳጥረዋለሁ፦ ይህን ከረጢት ቆራሌው ያነሣዋል? ናሙናውን ከማጽደቅሽ በፊት አዳማ ሄደሽ የሚሰበስቡትን ሰዎች ራሳቸውን ጠይቂ። ከማንኛውም አማካሪ ያላነሰ ያውቃሉ።

በሦስት ማዕዘን ቀስት ውስጥ የሚጻፈውን ቁጥር ልመጂ። 1 የሃይላንዱ ፔት ነው፤ 2 እና 4 ፖሊኢትሊን፤ 5 ፖሊፕሮፒሊን። 7 ከእነዚህ ውጭ የሆነውና የተደባለቀው የሚመደብበት ስለሆነ ጠንቀቅ በይው። ለበርበሬሽ ከአንድ ዓይነት ፕላስቲክ ብቻ የተሠራ ከረጢት እንዲቀርብልሽ ጠይቂ። ችግሩን አልደብቅሽም፤ አሉሚኒየም ያለበት ከረጢት ብርሃንና እርጥበትን በደንብ ይከላከላል፤ ባለ አንዱ ፕላስቲክ ያን ያህል አይከላከልም። በርበሬ ብርሃን ሲያገኘው ቀለሙን ይለቃል፤ እርጥበት ሲያገኘው ይሻግታል፤ የሻገተ በርበሬ ደግሞ ሰው ይጎዳል። አካባቢን እጠብቃለሁ ብለሽ ምግቡን እንዳታበላሺ። ይልቅ በርበሬው በደንብ ይድረቅ፤ በትንሽ በትንሹ አሽገሽ ቶሎ ሽጪ፤ የመጠቀሚያ ጊዜውንም አሳጥሪ። የዓመት መቆያ የምትጽፊበት ምክንያት ከሌለሽ ለምን የዓመት መከላከያ ትገዣለሽ? ቲማቲሙ ከበርበሬው የባሰ እርጥበት ይስባል፤ ስለዚህ እሱን ለብቻው ፈትኚው፤ ስድስት ከረጢት አሽገሽ በየወሩ አንዷን ክፈቺ።

አንድ ነገር ሳልረሳ፤ ከገበሬው በርበሬ ስትረከቢ ዩሪያ በነበረበት ማዳበሪያ የመጣውን አትቀበዪ። ዕቃን ደግሞ ደጋግሞ መጠቀም ጥሩ ነው፤ ለምግብ ግን ከምግብ በቀር ሌላ ነገር ያልነበረበት ጆንያ ያስፈልጋል።

«ይበሰብሳል» እያለ ከረጢት የሚሸጥ ይመጣብሻል። በስንት ጊዜ፣ በምን ዓይነት ቦታ፣ በየትኛው ደረጃ ተፈትኖ እንደሆነ ጠይቂው። ኦክሶ የሚባለው ዓይነት ተሰባብሮ ደቃቅ ፕላስቲክ ሆኖ ይቀራል እንጂ አፈር አይሆንም፤ አውሮፓ በእነሱ አቆጣጠር በ2021 ከልክሎታል። ኢኤን 13432 የሚባለውን ፈተና ያለፈውም ቢሆን ሙቀቱ በተጠበቀ የማብላያ ጣቢያ የሚበሰብስ ነው፤ የቡልቡላ ሜዳ ላይ ለወደቀ ከረጢት ያ ጣቢያ የለም። ስለዚህ ሰነድ ሳይኖርሽ ላቤልሽ ላይ «ለአካባቢ ተስማሚ» ብለሽ አትጻፊ።

ሊቀር የሚችለውን ማሸጊያ ቀንሺ። የታሸገ ውኃ ፋብሪካዎቻችን ክዳኑ ላይ ይጠቀለል የነበረውን ስስ ፕላስቲክ ማስቀረት ሲጀምሩ ውኃው ምንም አልሆነም። አንቺም ከረጢቱን ከትቶ የሚይዘው ሁለተኛ ካርቶን ለመልክ ብቻ ከሆነ ተዪው። ለላንጋኖና ለባቱ ሆቴሎች ደግሞ በትንንሽ ከረጢት አታቅርቢ፤ ክዳን ባለው ባልዲ ሞልተሽ ስጪ፤ ባዶውን ተቀብለሽ አጥበሽ እንደገና ሙዪ። የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ በማስያዣ እየሄደ ሲመለስ ነው ያደግሽው፤ ይህን ሥርዓት አገሩ ሁሉ ያውቀዋል።

ከረጢት ስታሳትሚ ከሦስት ወር በላይ የሚሆን አታሳትሚ፤ ዋጋው ቢወደድም። እንዲያውም ምንም ያልታተመበት ከረጢት ገዝተሽ ስቲከር ብትለጥፊ ይሻላል። ሕጉ የጽሑፍ ለውጥ ቢያዝ የምትጥዪው ስቲከሩን ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ማሸጊያ አንድ ገጽ መዝገብ ክፈቺ፦ ከምን እንደተሠራ፣ ባዶው ግራሙ፣ ማን እንዳቀረበው፣ የሰነዱ ቅጂ፣ በወር ስንት እንደወጣ። አምራቹ ለሚያወጣው ማሸጊያ ክፍያ እንዲከፍል የሚያደርግ አሠራር ባለበት አገር ሒሳቡ በአብዛኛው የሚሠራው በዓይነትና በክብደት ነው፤ ጎረቤታችን ኬንያም በ2017 በእነሱ አቆጣጠር ፌስታልን ከከለከለች በኋላ ወደዚሁ አሠራር ሄዳለች። ወደ እኛ ሲደርስ መዝገብሽ ዝግጁ ይሁን።

ይህን ሁሉ የምነግርሽ ቅጣት ፈርቼልሽ ብቻ አይደለም። የቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ ሐይቅ ተነሥቶ አቢጃታ ሐይቅ ይገባል፤ አቢጃታ ደግሞ መውጫ የለውም። ከባቱ ወዲህ በወንዙ ዳር የተጣለ ነገር ጎርፍ ካነሣው የሚሄደው ወደዚያው ነው፤ እዚያም ይቀራል። ልጅ ሳለሁ ወፉ ሐይቁን ሸፍኖት አይቻለሁ። ሐይቁ ዛሬ በብዙ ምክንያት ሸሽቷል፤ ባዶ ዳርቻው ላይ የአንቺ ስም የታተመበት ከረጢት ወድቆ እንዳላይ እፈልጋለሁ።

የግራም ሚዛኔ እቤት አለ። ቅዳሜ ያለሽን የከረጢት ናሙና ሁሉ ይዘሽ ነይ፤ ባዶውን፣ ስቲከር ሳይለጠፍበት።