ዐይን ያላየው ጥፋት

ማንም ባላየው ነገር ላይ የደረሰ ጥፋት ኃጢአት ሊባል ይችላልን? ጥያቄው የመጣው ከሰሜን አውሮፓ ባሕር ነው፤ ሆኖም ስለ ኅሊና ከምናስተምረው ጋር በቅርብ ስለሚዛመድ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርበው ወደድን። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮራል ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በቀይ ባሕር እንዳለው ፀሐይ በምትደርስበት ሞቃት ውኃ የሚያድገውን ነው። በኖርዌይ ጠረፍ ግን ብርሃን በማይገባበት ቀዝቃዛ ጥልቅ ውኃ ውስጥ የሚኖር፣ ሎፌሊያ የተባለ ኮራል አለ። የሚመገበው የውኃው ፍሰት የሚያመጣለትን ደቃቅ ፍጥረት ነው። በዓመት ቢያድግ ከሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ብዙም አይበልጥም። ሕያዋኑ በሞቱት አጽም ላይ ይቆማሉ፤ እነርሱም በተራቸው ለሚከተሉት መሠረት ይሆናሉ። እንዲህ እየተገነባ ሱላ በተባለው ስፍራ ያለው የኮራል አለት ከ8,000 ዓመት በላይ አስቆጥሯል። በ2002 ሮስት በተባለችው ደሴት አጠገብ የተገኘው ደግሞ ከ300 እስከ 400 ሜትር ጥልቀት ላይ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል።

ይህን ሁሉ በባሕር ወለል ላይ የሚጎተት፣ ብረት የተሸከመ ከባድ መረብ በአንድ ጉዞ ያደቅቀዋል። የኖርዌይ ተመራማሪዎች በ2002 ባወጡት ግምት ከአገሪቱ የኮራል አለቶች ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት ተጎድተዋል።

«አላወቅንም» የሚል መልስ ይሰጣል። ቅዱስ ቶማስ ዘአኵይኖ አለማወቅን ለሁለት ይከፍለዋል፤ አንዱን ሰው በጥረቱ ሊያስወግደው አይችልም፤ ሌላውን ግን ሊያስወግደው ይችላል፤ እርሱም የሚጠየቅበት ነው። ልጆቹን ለማሳደር በጨለማ ባሕር ላይ መረብ በሚጎትት ሠራተኛ ላይ ለመፍረድ አንቸኩልም። ነገር ግን ኮራሉ በእርግጥ ያልታወቀ ነበርን? የትሮንድሄም ጳጳስ ዮሐን ኤርንስት ጉኔሩስ በ1768 ጽፈውበታል። (ጳጳሱ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ቢሆንም የፈጣሪን ሥራ እንዲህ በትጋት የመረመረ እረኛ ደስ ያሰኘናል።) በመንጠቆ የሚያጠምዱትም ስፍራውን አሳምረው ያውቁት ነበር። በ1990ዎቹ ዓመታት አለቱ እየተሰበረ መሆኑን ያመለከቱት እነርሱ ናቸው። እንግዲህ ዕውቀቱ በድሆቹ ጀልባዎች ውስጥ ነበረ፤ የጎደለው የሚጠይቃቸው ነው። በተጠየቁ ጊዜ መንግሥት አጥንቶ በ1999 በሱላ፣ በ2003 በሮስት የሚጎተተውን መረብ ከለከለ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2016 በውኃዎቹ ከ800 ሜትር በታች ይኸው መረብ እንዳይጎተት ደነገገ።

«ማንም የማያየው ነገር ለማን ይጠቅማል?» የሚሉም አሉ። ዓሦች በቅርንጫፎቹ መካከል ይጠለላሉ፤ ይህ ብቻውን በቂ መልስ ይመስላል። እኛ ግን ጥያቄው ራሱ የተጣመመ ነው እንላለን። በኦሪት ዘፍጥረት እንደምናነበው የባሕር ፍጡራን መልካም መሆናቸው የታየውና የተባረኩት በአምስተኛው ቀን፣ ሰው ገና ሳይፈጠር ነው። በ2025 ያረፉት ር.ሊ.ጳ. ፍራንሲስም በ2015 ስለ ጋራ ቤታችን በጻፉት መልእክት የኮራልን አለቶች በስም አንሥተዋል።

የሰረቀ ሰው እንዲመልስ እናዛለን፤ ዘኬዎስ አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገብቶአል። የስምንት ሺህ ዓመት ሥራ የሰበረ ግን ከየት አምጥቶ ይመልሳል? ካሳ በማይቻልበት ነገር ላይ ከሥራው በፊት የመጠየቅ ግዴታው እጅግ የከበደ ይሆናል።

ሌላም አደጋ አለ፤ ይህኛውን የመረብ ሕግ አያግደውም። ከምናቃጥለው ነዳጅ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባሕር ሲመጠው ውኃው ወደ አሲድነት ያደላል። በቅድሚያ የሚሟሟው ሕያው አካል የማይሸፍነው የሙታኑ አጽም፣ ማለትም ሕያዋኑ የቆሙበት መሠረት ነው። በዚህ ጥፋት የሁላችን ድርሻ እኩል አይደለም፤ መኪና የሌለው ገበሬና ብዙ ፋብሪካ ያለው አገር በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። ይሁን እንጂ ነገሩ በግልጽ ተመርምሮ ተጽፎአልና፣ እዚህ ላይ አለማወቅን ምክንያት አድርጎ ማቅረብ አይቻልም።