የካልሲው የውስጥ ወገን

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ማንም የማያየውን ስሕተት ማረም ግዴታ ነው? «አዎ፣ እግዚአብሔር ያያል» ብላችሁ ፈጥናችሁ እንደምትመልሱ አውቃለሁ። እኔም እንደዚያው እመልስ ነበር፤ ካልሲ እስክሠራ ድረስ።

የምኖረው ኖርዌይ ነው። ከትሮንሄም ብዙ ሳይርቅ ሴልቡ የሚባል ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1857 ማሪት ኤምስታድ የተባለች ወጣት ባለ ስምንት ቅጠል ኮከብ ያለበት ጥቁርና ነጭ የሱፍ ጓንት ሠርታ ቤተ ክርስቲያን ይዛው እንደ ሄደች፣ ጥለቱም ከዚያ በአካባቢው እንደ ተዛመተ ይነገራል። ዛሬ ኮከቡን በሹራብም በካልሲም ላይ ታገኙታላችሁ። እኔን ያስተማሩኝ ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት አሮጊት ናቸው።

ካልሲው በአምስት መርፌ ዙሪያውን ይሠራል፤ አራቱ ይሸከማሉ፣ አምስተኛው ይሠራል። በአንድ ዙር ሁለት ክር ትይዛላችሁ። ነጩ ሲሠራ ጥቁሩ ተራውን እየጠበቀ በውስጥ በኩል ይሻገራል። ነገሩ ሁሉ ያለው በዚህ በሚሻገረው ክር ላይ ነው። በጣም ከላላ የእግር ጣት ይገባበታል። ከጠበቀ ደግሞ ካልሲው አይለጠጥም፤ ላዩም ይጨማደዳል። ጭምድዱን ግን ነክራችሁ፣ ወጥራችሁ ብታደርቁት ለጥ ይላል፤ ኮከቡም ያምራል። ውስጡ እንደ ጠበቀ ይቀራል።

በጉባኤያችን ላሉ አንዲት እማማ ለገና ስጦታ ጀመርሁ። እማማ የስኳር ሕመም አለባቸው፤ እግራቸው ይደነዝዛል። በሁለተኛው ካልሲ ሃያ ዙር ያህል ካለፍሁ በኋላ አንዱ ኮከብ ሰባት ቅጠል ብቻ እንዳለው አየሁ። በጫማና በረጅም ቀሚስ የሚሸፈን ነገር ነው፤ ማን ይቆጥረዋል? ቢሆንም ተረተርሁት። ሁለት ምሽት ፈጀብኝ፤ ልቤም አመሰገነኝ። (ፍጹም እግዚአብሔር ብቻ ነውና ባለ እጆች ሆን ብለው አንድ ስሕተት ይተዋሉ የሚል ወሬ አለ። አልወደውም። ሆን ብዬ ባልተው ኖሮ ፍጹም እሆን ነበር እንደ ማለት ነው።)

በዚያው ሳምንት ካልሲውን በራሴ እግር ስለካው ተረከዜ ላይ ያዘኝ። «ሱፍ ነው፣ ይለቃል» ብዬ ነክሬ ወጠርሁት።

በገና ዕለት እማማ አደረጉት። «እጅሽ ይባረክ ልጄ» አሉኝ። ማታ ልጃቸው ደወለችልኝ። እግራቸው ላይ ክሩ ቀይ ሰንበር አውጥቶ ነበር። ቆዳው አልተከፈተም፤ እርሳቸው ግን ቀኑን ሙሉ ምንም አልተሰማቸውም። እንዲህ በደነዘዘ እግር ላይ ትንሽ ቁስል ምን ሊያመጣ እንደሚችል የስኳር ሕመምተኛ ያለበት ቤት ያውቃል።

እስቲ አብራችሁኝ አስቡ። ሁለቱም ስሕተቶች ስውር ነበሩ። እግዚአብሔርም ሁለቱን ያያል፤ ስለዚህ «ያያል» የሚለው መልስ ብቻውን የትኛውን ልተርትር ለሚለው አይበቃም። የተረተርሁት ስሜን የሚነካውን ነው። የእማማን እግር የሚነካውን አሳለፍሁት። ትጋቴ ከስንፍና የተሻለ መስሎኝ ነበር፤ ግን ለማን ነበር የተጋሁት?

«በቅን ልብ ነው ያደረግሽው፣ አላወቅሽም» የሚለኝ ይኖራል። ቅን ልብ ዋጋ አለው፤ አልክድም። ነገር ግን ተረከዜ ነግሮኝ ነበር። የገና ቀን ቀርቦ ስለ ነበር መስማት አልፈለግሁም። አለማወቅና ለማወቅ አለመፈለግ ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። በዚያች ምሽት ግን ልዩነቱን እኔ አውቀው ነበር።

በማግስቱ ሄጄ ነገርኋቸው። እማማ ሳቁ፤ ካልሲውን ግን አልሰጥም አሉ። «በእጁ ሠርቶ የሰጠኝ ሰው ከአገር ከወጣሁ የለም» አሉኝ። ይህን አላሰብሁትም ነበር፤ መውሰዱም ሌላ መጉዳት ሆነብኝ። ብዙ ከተከራከርን በኋላ እመልሳለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ተቀበልኋቸው።

ሁለቱንም ተረተርሁ። መርፌውን ወፈር አደረግሁ፣ የውስጥ እግሩን ያለ ጥለት በአንድ ክር ብቻ ሠራሁት፤ የሚሻገረውም ክር እንዲላላ ሥራውን ገልብጬ፣ ውስጡን ወደ ውጭ አድርጌ ያዝሁ። አንዱ ኮከብ ዳግመኛ ተሳሳተብኝ። እርሱን ተውሁት።

ስወስድላቸው እማማ ኮከቡን አላዩም። እግራቸውን ከማስገባታቸው በፊት እጃቸውን ከተቱና ውስጡን ቀስ ብለው ዳሰሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዘርግተው፣ «አንቺም ዳሽው» አሉኝ።