የአንድ ሰዓት መንገድ

ቅርብ ማለት ምን ማለት ነው? ብዙ ሰው ይህን ሲጠየቅ ቶሎ ብሎ በኪሎ ሜትር ወይም በሰዓት ይመልሳል፤ መልሱም ሐሰት የለበትም። ይሁን እንጂ ወጣት አንባቢዬ ካርታ ዘርግቶ ሁለት የአይሮፕላን ማረፊያዎችን ከእኔ ጋር እንዲመለከት እለምነዋለሁ፤ አንዱ የአዲስ አበባው ቦሌ፥ ሁለተኛው የአሥመራው ነው።

ሁለቱ በአንድ የኬንትሮስ መሥመር ላይ የተሰደሩ ያህል ናቸው። ከቦሌ የተነሣ አይሮፕላን ፊቱን ወደ ሰሜን አቅንቶ፥ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ሳይል 700 ኪሎ ሜትር ያህል ቢበር አሥመራ ይደርሳል። ጊዜውም ከአንድ ሰዓት ጥቂት ቢያልፍ ነው። አባቶቻችን በበቅሎ ሳምንታት የፈጀባቸውን አገር፥ የአይሮፕላን ተሳፋሪ ቡናውን ጠጥቶ ጥቂት ሲያንቀላፋ ያልፈዋል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ ያለፈው በአሥመራ በኩል ነበር። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ። በ1990 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት ተነሣና በረራው ቆመ፤ የስልኩም መሥመር ተቆረጠ። ከዚያ ወዲያ በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው አሥመራ ያለች እናቱን ለማየት ቢሻ፥ ፈቃዱም ገንዘቡም ቢገኝለት፥ በሌላ አገር መዞር ነበረበት። በካይሮ በኩል የሄደ እንደ ሆነ መንገዱ ከ4200 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ስድስት እጥፍ መሆኑ ነው። ቀድሞ ወደ ካይሮ ለመሄድ በአሥመራ ይታለፍ ነበር፤ ኋላ ግን ወደ አሥመራ ለመሄድ በካይሮ የሚታለፍ ሆነ። ተራራው ከቦታው አልተነሣም፥ ተከዜም መንገዱን አልለወጠም።

ጦርነት ባለበት ሰማይ ተሳፋሪ ጭኖ መብረር የሰውን ነፍስ ለአደጋ መስጠት ስለ ሆነ፥ በእሳቱ ጊዜ በረራው በመቆሙ ማንንም አልወቅስም። ነገር ግን የአልጀርሱ ስምምነት የተፈረመው ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. ሲሆን፥ አይሮፕላኑ እንደ ገና የተነሣው ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ያለውን 17 ዓመት ከመንፈቅ ምን ዘግቶ አቆየው? ስለ ባድመ ያልተፈጸመ ነገር እንደ ነበረ አውቃለሁ። ነገር ግን በመሬት የሚከራከሩ ሁለት ጎረቤታሞች እንኳ ለቅሶ ይደራረሳሉ።

እኔ እንደሚመስለኝ፥ ቁጣ የዘጋውን በር ልማድ ዘግቶ ያቆየዋል፤ ልማድ ማንም ሳያዝዘው ይሠራልና። በመጀመሪያው ዓመት ሰው «መቼ ይከፈታል?» ይላል፤ በአምስተኛው ዝም ይላል፤ በአሥረኛው የተወለደ ልጅ ደግሞ አሥመራን ከዋሽንግተን ይልቅ የራቀች አድርጎ ይቆጥራታል። ልጁ አልተሳሳተም፤ ወደ ዋሽንግተን አይሮፕላን ነበረና።

ታዲያ በሩን ያልዘጋ ሰው ስለ መዘጋቱ ይጠየቃልን? «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፥ እኛ ምን አገባን» የሚሉ አሉ። እኔ ይህን መልስ አልቀበለውም። ተራ ሰው ሰማይን ሊከፍት አይችልም፤ ነገር ግን ዘመዱን እንደ ሞተ አለመቁጠር፥ በሦስተኛ አገር በኩል ወሬውን መጠየቅ፥ ለልጁም የአክስቱን ስም ማስተማር ይቻለው ነበር። ይህን ያደረጉ ሰዎች በ2010 ዓ.ም. ከአይሮፕላኑ ሲወርዱ ማንን እንደሚያቅፉ ያውቁ ነበር። በዚያ ቀን ተሳፋሪው ስለ በዛ ሁለት አይሮፕላን ተከታትሎ ተነሥቷል፤ በአሥመራም ማረፊያ ሰው ተላቀሰ።

ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. አየር መንገዱ በረራውን እንደ ገና አቋረጠ። በእነዚያ ስድስት ዓመታት አሥመራ ደርሶ የተመለሰ ወጣት ግን አክስቱን በስም ብቻ የሚያውቃት አይደለም፤ ድምፅዋን ሰምቷል፥ ወደ ቤቷ የሚወስደውንም መንገድ አይቷል። መጠየቁን ቢተው፥ አባቱ የነበረው ምክንያት ለእርሱ የለውም።