የሰርከሱ ልጅና የሲሲሊው ልዑል

የፊልም ዳይሬክተሩ ሉኪኖ ቪስኮንቲ በፊልሙ የልዑሉን ቦታ ለተዋናዩ በርት ላንካስተር እንዲሰጥ ሲጠየቅ ተቆጣ። ቢቆጣ አልፈርድበትም። በእጁ የያዘው መጽሐፍ «ኢል ጋቶፓርዶ» ነበር፤ ደራሲው ጁዜፔ ቶማሲ ዲ ላምፔዱዛ ታትሞ ሳያየው የሞተበት፣ እ.ኤ.አ. በ1958 ወጥቶ ጣሊያንን ያነጋገረ ልቦለድ። የጦር መሪው ጋሪባልዲ በ1860 ሲሲሊ ሲገባ የመሳፍንቱ ዘመን ማክተሙን ከሁሉ ቀድሞ የተረዳው የሳሊናው ልዑል፣ የዶን ፋብሪዚዮ ታሪክ ነው። ቪስኮንቲ ራሱ የሚላኖ መኳንንት ዘር ስለሆነ ያን ዓለም ከቤቱ ያውቀዋል። በልቡ ያሰበው የሶቪየቱን ኒኮላይ ቼርካሶቭን ወይም እንግሊዛዊውን ሎረንስ ኦሊቪየን ነበር። የቀረበለት ግን በወጣትነቱ ሰርከስ ውስጥ ይገለባበጥ የነበረ፣ ተመልካች በካውቦይና በወንጀል ፊልም የሚያውቀው የኒውዮርክ ልጅ ነው።

ምክንያቱ ገንዘብ ነው። ያን ሁሉ አዳራሽ፣ ጦርነትና የዘመኑን ልብስ የጣሊያኑ ፊልም ኩባንያ ቲታነስ ብቻውን አልቻለውም። የአሜሪካው ትዌንቲዝ ሴንቸሪ ፎክስ ሊያግዝ ፈቀደ፤ ዋናው ተዋናይ የሆሊውድ ኮከብ እስከሆነ ድረስ።

መጽሐፉን ገልጦ ላየ ሰው ግን ምርጫው ያን ያህል እንግዳ አይሆንበትም። ዶን ፋብሪዚዮ ከጀርመናዊት እናት የተወለደ፣ ግዙፍ፣ ፀጉሩ ወርቃማ፣ ሲናደድ ማንኪያና ሹካ በጣቱ የሚያጣምም ሰው ነው። የሰርከሱ ትከሻ ለዚህ ልክ ነበር። የቀረው መንፈሱ ነው። ቪስኮንቲ በቀረጻው ላይ ፊት ነሳው፤ ላንካስተር ችሎ ችሎ አንድ ቀን ፊት ለፊት ተናገረው፤ ከዚያ ወዲህ ተከባብረው ወዳጅ ሆኑ። ላንካስተር ልዑሉንም ሩቅ ሄዶ አልፈለገውም፤ ዳይሬክተሩን እያየ ሠራው። ኮከብ ሥነ ጽሑፍን የሚጠቅመው ሕዝብ የለመደለትን ነገር ለመተው ሲደፍር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ላንካስተርም ደፍሯል።

ይህ ድፍረት የሚታየው በፊልሙ መጨረሻ ባለው የዳንስ ግብዣ ነው። መጽሐፉ የልዑሉን ሞት ራሱን በቻለ የ1883 ምዕራፍ ይተርከዋል። ፊልሙ ያን ምዕራፍ ትቶ በ1862ቱ ግብዣ ሌሊት ያበቃል፤ ስለዚህ የሞቱ ክብደት በሙሉ በአንድ ሰው ፊት ላይ ወደቀ። ፓሌርሞ፣ ጋንጂ ቤተ መንግሥት ውስጥ የተቀረጸው ግብዣ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። መዝለል የሚያውቀው ገላ ከተዋናይቷ ክላውዲያ ካርዲናሌ ጋር አንድ ቫልስ በኩራት ይደንሳል፤ ኋላ ብቻውን መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን ሲያይ ዓይኑ እንባ ያቀራል። ለእኔ ሙሉው ምዕራፍ እዚያች እንባ ውስጥ አለ።

ሆኖም የኮከቡ ገንዘብ የራሱን ዋጋ አስከፈለ። ፊልሙ በ1963 በካን ዋናውን ሽልማት አገኘ፤ ፎክስ ግን ለአሜሪካ ሲያወጣው ከሃያ ደቂቃ በላይ ቆርጦ፣ በእንግሊዝኛ ድምፅ ሞልቶ፣ ቀለሙንም አደብዝዞ ነበር። ቪስኮንቲ የእኔ አይደለም አለ። ሙሉውን የጣሊያንኛ ቅጂ የሚያይ ደግሞ የሚሰማው የላንካስተርን ድምፅ ሳይሆን የጣሊያናዊውን ተዋናይ የኮራዶ ጋይፓን ነው። የኮከቡን ድምፅ የፈለገ የተቆረጠ ፊልም፣ ፊልሙን የፈለገ የሌላ ሰው ድምፅ ይደርሰዋል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በራዲዮ ሲተርክ የሰማ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያጎድል አይጠፋውም። እኔም ጉድለቱ ይሰማኛል፤ ቢሆንም ሙሉውን እመርጣለሁ። ያ ፊት፣ ያ አረማመድ የራሱ የላንካስተር ነውና።

ሊነጋ ሲል ልዑሉ ቤተሰቡን በሠረገላ ሰድዶ በእግሩ ይሄዳል። ለሚሞት ሰው ቁርባን የያዘ ቄስ ሲያልፍ ያ ግዙፍ ሰው በሙሉ ልብሱ መንገድ ላይ ይንበረከካል። ከዚያ ቀስ ብሎ ይነሣና ወደ ጨለማው ጠባብ መንገድ ይገባል።