የቻሉትን አንቀማቸው

ያረጁ ወላጆችህ ምን እንደሚያቅታቸው ታውቅ ይሆናል፤ ምን እንደሚችሉስ ጠይቀህ ታውቃለህን?

አሜሪካዊው ሐኪም ሲድኒ ካትዝና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1963 ያሳተሙት መመዘኛ የአረጋውያንን አቅም በስድስት የዕለት ተግባራት ይለካል፦ ገላ መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ መነሳት፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር፣ መመገብ። እያንዳንዱ ለብቻው ይጠየቃል፤ አንዱ ያቃተው ሁሉ አቃተው አይባልም።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቆሞ መስገድ ያልቻለ ተቀምጦ፣ ይህም ያልሆነለት በጎኑ ተጋድሞ ይሰግዳል። ሸሪዓችን ሸክሙን አቀለለለት እንጂ ሶላቱን አልወሰደበትም።

እኛስ? እዚህ ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ባለው ቤታችን እናቴ ለውዱእ ኩስኩስቱን ስታነሳ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ እየቀማሁ እኔው እጅና እግሯን አጥብላት ነበር። አንድ ቀን «ልጄ፣ ውኃውን አፍስስልኝ፤ መታጠቡን ግን ተውልኝ» አለችኝ። አፈርኩ። ያቃታት ማንሳቱ ብቻ ነበር። ርኅራኄ ያልኩት ችኮላዬ ኖሯል።

ስለዚህ የወላጅን አቅም የምንመዝነው የጎደለውን ልንሞላ እንጂ የቀረውን ልንቀማ አይደለም። ያልቻሉትን አድርጉ ማለት በደል ነው፤ የሚችሉትን መከልከልም እንዲሁ። ዛሬ ማታ ቀረብ ብለህ ጠይቃቸው፦ «የቱን ልያዝልዎ? የቱን ልተውልዎ?»

አላህ ለወላጆቻችን የምንበጅ ያድርገን። አሚን።